አልጋው ላይ የተቀመጠው ብርሃን

ቡታጅራ እንግሊዝኛ ለማስተማር ተመድቤ በሄድኩበት ዓመት፣ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ካዘጋጀሁት ምንባብ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቸገረኝ። የከሰዓት ብርሃን ወደ አንድ ክፍል ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ በክብደት ተቀመጠ ይላል። መዝገበ ቃላት አገላበጥኩ። እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ጠፉብኝ። እንደኔው ከጎጃም የመጡትን አንጋፋውን የእንግሊዝኛ መምህር ጠየቅኳቸው።

«ደራሲው ሲጽፈው አሞት ይሆናል» አሉኝ። «ዝለለው።»

አልዘለልኩትም። ክፍል ውስጥ ሳነበው ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ብርሃን ይከብዳል እንዴ?»

ተማሪው ሳቀ። እኔም ፀሐይዋ በጣም ሞቃለች ለማለት ነው ብዬ አለፍኩ። ሌሎቹ ጻፉ። እሷ አልጻፈችም።

በማግስቱ ቀረች። እናቷ ለወራት ታመው ተኝተው ኖሮ ማረፋቸውን ሰማን። በሳምንቱ ሦስት መምህራን ሆነን ለቅሶ ለመድረስ መስቃን ገጠር ወረድን። ባጃጁ መንገዱ ያለቀበት ላይ ጣለን፤ ከዚያ በእንሰቱ መሀል በእግር ሄድን። ቅጠሉ ከላይ ስለገጠመ እጄ ሳይቀር አረንጓዴ መስሎ ታየኝ። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነበር።

አባትየው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው አስገቡን። ወለሉ ላይ የተነጠፈው የእንሰት ምንጣፍ፣ ጅባው፣ በሰው ሞልቶ ስለነበር በሩ ትይዩ ወዳለው አልጋ አመራሁ። ልጅቷ ክንዴን ያዘችኝ።

«እዚያ አይቀመጡ፣ ቲቸር። ሰዓቷ ነው።»

የማን ብዬ ሳልጨርስ ከበሩ የገባው ፀሐይ ወለሉን አቋርጦ አልጋው ላይ ወጣ። ጋቢው የተኛው ሰው እንደተነሳ፣ ወገብ ያረፈበት ቦታ ስርጉድ እንዳለ ነው። ብርሃኑ እዚያ ስርጉድ ውስጥ ገባና ሞላው። የሚያወራው ሁሉ ዝም አለ። እናትየው በዚያ ሰዓት እጃቸውን ብርሃኑ ላይ ዘርግተው ያሞቁ እንደነበር ልጅቷ በሹክሹክታ ነገረችኝ።

ውጭው ድንገት ጠቆረ። በበሩ በኩል ደመናው ይታየኛል፤ ነፋሱም ቅጠሉን ማንኳኳት ጀምሯል። ልብሳችን ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ። አልጋው ላይ ያለው ግን አልተነሳም። ጋቢው ትንሽ ጎድጎድ ሲል አየሁ፤ ወይም ያየሁ መሰለኝ።

«ትንሽ ትቆያለች» አሉ አባትየው፣ እንደ ተራ ነገር።

ፀሐይዋን ይበሉ ሚስታቸውን፣ አማርኛው አይለይም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጥቂት ትንፋሽ ያህል ቆይቶ አልጋው ጨለመ። ጨዋታው ካቆመበት ቀጠለ። ከጎኔ የነበረውን ባልደረባዬን አየህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «ደመና ነው» አለና ፊቱን አዞረ።

ልጅቷ ወደ ትምህርቷ ስትመለስ፣ ያን ዓረፍተ ነገር ተሳስቼ እንዳስተማርኳቸው ለክፍሉ ነገርኩ። ትርጉሙን ይንገሩን ሲሉኝ፣ እንደተጻፈው ነው አልኳቸው። ከኋላ ሆና ደብተሯን ገለጠች።

በዚያው ሳምንት አልጋዬን ከመስኮቱ ሥር አንስቼ ጥጉ ላይ አደረግኩት። አከራዬ ገርሟቸው፣ «ምነው፣ ብርሃን ጠላህ?» አሉኝ።

«ሙቀቱ ነው» አልኳቸው። ወሩ ሰኔ ነበር፤ ክረምቱ ገብቷል።