ዳቦ ሊገዛ የወጣው ሾፌር

ሐኪሙ በከርን «ከመሪ ራቅ» ካለው ቀን ወዲህ የልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤት የጠዋት እንቅልፍ አልነበረውም። ሰውዬው ገና ወፍ ሳይንጫጫ ከሦስተኛ ፎቅ ይወርድና ግቢው ውስጥ የቆመችውን ሚኒባሱን ያስነሳል። የትም አይሄድም። ሞተሩ እስኪሞቅ ጋቢና ውስጥ ይቀመጣል፣ መስተዋቱን ያስተካክላል፣ ከዚያ አጥፍቶ ይወርዳል። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ይመለሳል። ለጠየቀው ሁሉ «ባትሪው እንዳይሞት ነው» ይላል። የባትሪው ነገር እውነት ነው፤ ግን ጠዋት ተነስቶ ምሳ ሰዓት ላይ የሚሞት ባትሪ ማንም አያውቅም።

ምን ያድርግ? ዕድሜውን ሙሉ ከጦር ኃይሎች በልደታ አድርጎ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ተመልሶ ጦር ኃይሎች ሲል የኖረ ሰው ነው። አብነት ሰፈር ተወልዶ፣ በልጅነቱ በረዳትነት የታክሲ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከዚያ መሪ ጨብጦ ነው ያረጀው። ለእሱ መቀመጥ ማለት እየሄዱ መቀመጥ ነው። አሁን የደም ግፊቱ ከከተማው ግርግር አውጥቶ ሶፋ ላይ ሲያስቀምጠው፣ ቀኝ እግሩ ምንጣፉን እንደ ፍሬን ይረግጠው ጀመር። ተነስቶ መስኮት ጋ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ቴሌቪዥን ይከፍታል፣ ዜናው ሳያልቅ ይዘጋል።

ሚስቱ ሀሚዳ ይህን ሁሉ ስታይ ከረመች። አብነት በምትከራያት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ማታ ስትገባ ደግሞ የሚንቆራጠጥ ባል ይጠብቃታል። አንድ አርብ ከሰዓት እጇን በበሩ መዝጊያ ላይ እንዳደረገች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣

«ወንበሮቹን አውጣቸው» አለችው።

«የምን ወንበር?»

«የመኪናዋን። አልጋ እናድርግበት። ሐይቅ ዳር ወስደህ አሳድረኝ።»

በከር ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ሰዉን ሁሉ ስታደርስ ኖርክ» አለች። «እኔን የት አደረስከኝ?»

እውነቷን ነው። ሀሚዳን ከከተማ ያወጣት ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ ነው። የተወለደችው ወሎ፣ ሐይቅ የምትባለው ከተማ አጠገብ ነው፤ አባቷ በደንገል ታንኳ ሰው ያሻግሩ ነበር። በልጅነቷ አክስቷ አዲስ አበባ ካመጧት በኋላ ስለ ውሃው አውርታ አታውቅም። በከርም አልጠየቀም። እሱ የሚያውቃት ሀሚዳ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰችውን ነው።

ወንበሮቹ ወጡ። አብነት ያለ አናጺ ከጣውላ ሰፊ አልጋ ሠራላቸው፤ ሀሚዳ ከዩኒፎርም በተረፈ አረንጓዴ ጨርቅ መጋረጃ ሰፋች። ሰማያዊው ቀለም በነጭ ተለወጠ፣ የታክሲው ታርጋም ተመልሶ በግል ታርጋ ተተካ። ባንክ የምትሠራው ልጃቸው ሪሀና ድንኳን ገዛችላቸውና ላንጋኖ ዳር የሚታደርበት ቦታ በስልኳ ፈልጋ አገኘች። ሐኪሙም ለጉዞው ከከተማ ውጭ፣ ቀስ ተብሎ ከሆነ ይሁን አለ። ሲወጡ ሪሀና «አባዬ፣ ሽርሽር ነው» አለችው በመስኮት። «ደስ ባላችሁ ቦታ እያደራችሁ ሀዋሳ ትደርሳላችሁ። ማንም አይጠብቃችሁም።»

ማንም አይጠብቃችሁም መባሉ ለበከር ደስ አላለውም። ሰው የማይጠብቀው መኪና ምን መኪና ነው?

ባቱ ላይ ከሐይቁ ዳር ቆመው ዓሣ በሉ። ሀሚዳ ትልልቆቹን ነጫጭ ወፎች አይታ አልጠግብ አለች፤ አንዱ ምንቃሩን እንደ ከረጢት ከፍቶ ሲውጥ እንደ ልጅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በከር ቁልፉን እጁ ላይ ያሽከረክራል።

«አየነው አይደል?» አለ። «እንሂድ።»

«የት?»

«ወደፊት ነዋ።»

ላንጋኖ ሲደርሱ ግን ሀሚዳ ከመኪናዋ ወርዳ ሄዳ ውሃው ጫፍ ላይ ቆመች፤ አቋቋሟ እንሂድ የሚያስብል አልነበረም። ውሃው ሻይ በወተት መስሏል። ከግራሮቹ ሥር ድንኳን ተከሉ፤ አልጋው መኪና ውስጥ ስላለ ድንኳኑ ለጥላና ለዕቃ ሆነ። እዚያው ዳር ላይ ገዳ የሚባል ጎልማሳ ካያክ ያከራያል፤ እንደ ርዝመቱ አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ባለ መቅዘፊያ ብርቱካናማ የፕላስቲክ ጀልባ ነው። ሀሚዳ አንዱን በጣቷ አንኳኳችው።

«ይሰምጣል?»

«አይሰምጥም፣ እትዬ» አለ ገዳ። «ይገለበጣል እንጂ።»

ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ አሰረች፣ ተንሳፋፊውን ሰደርያ ከቀሚሷ ላይ ደረበች፣ ገባች። መጀመሪያ ጀልባው ወዲህና ወዲያ ተወዛወዘ። ከዚያ መቅዘፊያውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ጠለቅ አደረገችና ሄደች። በከር ከዳር ሆኖ ጀርባዋን አየ። ትከሻዋ ተከፍቷል። ይህን ትከሻ ከዚህ በፊት አይቶት አያውቅም፤ ሚስቱን የሆነች የማያውቃት ልጅ ይዛት የሄደች መሰለው።

«ጋሼ፣ እርስዎም ይሞክሩት» አለው ገዳ።

«የት ያደርሳል?»

«የትም አያደርስም። ዞሮ መምጣት ነው።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

እሷ ቀኑን ውሃ ላይ ስትውል፣ እሱ መኪናዋን አጠበ፣ ያልላላ ብሎን አጠበቀ፣ ድንኳኑን ከአንዱ ግራር ነቅሎ ወደ ሌላው አዛወረ፣ ማግስቱን ወደ ቀድሞው መለሰው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳቦ እንዳለቀ ሲያይ የምሥራች የሰማ ያህል ተነሳ።

«ቡልቡላ ደርሼ ልምጣ። ዳቦ ልግዛ።»

«ቶሎ ና» አለች ሀሚዳ ሻዩን እያማሰለች። «ሻይ እንዳይቀዘቅዝ።»

ከሐይቁ መንገድ ወጥቶ አስፋልት ሲደርስ መገንጠያው ላይ ሰዎች ቆመዋል። ገበያተኞች ናቸው። አንዲት እናት ዶሮ በብብታቸው ይዘው እጃቸውን ዘረጉ። የበከር እግር ሳያማክረው ፍሬን ያዘ። በሩ ሲከፈት ሰዎቹ ግር አሉ፤ ወንበር የለም፣ ባለ አበባ አንሶላ የለበሰ አልጋ ነው።

«ሾፌር፣ ጫማ እናውልቅ?» አሉ ባለ ዶሮዋ።

«እንደ ፈቀዳችሁ።»

ሁሉም አወለቁ። ጫማቸውን በር ሥር ደርድረው አልጋው ዙሪያ እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ቡልቡላ ሲደርሱ በከር ዳቦውን ገዛ፤ ግን ባለ ዶሮዋና ሌሎችም አልወረዱም፣ መንገዳቸው ወደ ባቱና ከዚያም ወዲያ ነበር። ባቱ ቅርብ ነው ብሎ ሄደ። እዚያ ሲደርስ መናኸሪያው አጠገብ ሰው ተኮልኩሎ አየ፤ ረዳት ስለሌለው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ራሱ ተጣራ።

«መቂ! መቂ! አንድ ሰው፣ የሞላ ነው!»

ያን ድምፅ ከራሱ ጉሮሮ ከሰማ ከርሟል። ደረቱ ሰፋ። ከኋላው ሰው ያወራል፣ ይስቃል፣ ስለ ሽንኩርት ይከራከራል፤ እሱ ማርሽ ይቀይራል። መቂ መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ እጁን አነሳ። መንጃ ፈቃዱን አየና የጎኑን በር ሳብ አድርጎ ከፈተው። ባዶ እግራቸውን አልጋ ላይ የተቀመጡ ሰዎች አፍጥጠው አዩት።

«አባት፣ ይሄ ምንድነው?»

«ቤቴ ነው።»

«እነዚህስ?»

«እንግዶቼ ናቸው።»

ፖሊሱ የተደረደረውን ጫማ አየ። «ሂሳብ ሰበሰቡ?»

«የምን ሂሳብ!» አሉ ባለ ዶሮዋ ከውስጥ። «ብንሰጠው እምቢ አለን እንጂ!»

ፖሊሱ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን አዞረ። «ይሂዱ፣ አባት። ግን እንግዳ አያብዙ።»

ከመቂ ወዲያ ለምን እንደነዳ በከር ኋላም ቢሆን ማስረዳት አልቻለም። ባለ ዶሮዋ፣ ወይዘሮ ጠጅቱ ይባላሉ፣ ሞጆ ያለች ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት እየሄዱ ነበር፤ እሳቸውን ማድረስ አለብኝ አለ። ሞጆ ሲደርስ የአዲስ አበባው መንገድ ፊቱ ተዘርግቷል። ትንሽ ቢነዳ ቃሊቲ ነው፣ ከቃሊቲ ልደታ ምን አላት? «አዲሳባ ነው?» አለው አንድ ሻንጣ የያዘ ሰው። የበከር አፍ አዎ ሊል ተከፈተ።

ወይዘሮ ጠጅቱ ወርደው ጫማቸውን እያደረጉ አልጋውን ዞረው አዩት። የተዛነፈውን አንሶላ በእጃቸው ለጠፍ አደረጉ።

«ይህን አልጋ ያነጠፈችው የት ናት?»

«ሐይቅ ዳር።»

«ከማን ጋር?»

በከር ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ሻዩ ትዝ አለው። ስልኩ ደግሞ ድንኳን ውስጥ ነው ያለው። ሻንጣ የያዘውን ሰው «ይቅርታ ወንድሜ፣ ተመላሽ ነኝ» አለውና መኪናዋን አዞረ።

በመልስ ጉዞው ለማንም አልቆመም። ላንጋኖ ሲደርስ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ንፋስ ውሃውን ያምሰዋል። ድንኳኑ ባዶ ነው። ገዳ ዳር ላይ ቆሞ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ያያል።

«ሀሚዳስ?»

«ረፋዱ ላይ ገቡ፣ ጋሼ። ከዚያ ከደንገሉ ወዲያ ዞሩ። ንፋሱ ካልቀነሰ እኔም ልፈልጋቸው ልገባ ነው።»

በከር ዋና አይችልም። ቢሆንም ከነጫማው ገባ፤ ውሃው ወገቡ ደረሰ። «ሀሚዳ!» አለ። ንፋሱ ድምፁን ቀምቶ ወሰደው። ደግሞ ጠራ፣ ደግሞ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ። ሜክሲኮ አደባባይን ሙሉ የሚያዞር ድምፁ እዚህ ምንም አልሠራም። የሚነዳው ነገር የለ፣ የሚረግጠው የለ። መቆም ብቻ ነው። በዕድሜው እንደዚያ ቆሞ አያውቅም።

ንፋሱ ጋብ ሲል ከደንገሉ ጀርባ ብርቱካናማ ነገር ብቅ አለ። ሀሚዳ ሳትቸኩል እየቀዘፈች መጣች፤ አጠገቡ ስትደርስ ጀልባውን አቆመች።

«ደንገሉ ውስጥ ተጠግቼ ንፋሱን ሳሳልፍ ነበር» አለች። «ስትጠራኝም ሰምቼሃለሁ።»

«ታዲያ ምነው አትመልሺም?»

«ልመልስ ነበር። ትንሽ ይጥራኝ አልኩ።»

ከውሃው ወጡ። የቀሚሷን ጫፍ ጨመቀች፣ አላየችውም። የት እንደዋለ ሳትጠይቀው ራሱ ተናገረ።

«ሞጆ?» አለች።

«ሞጆ።»

«ዳቦ ልትገዛ?»

«ዳቦውን ገዝቻለሁ።»

ፊቷ ጠቆረ። መቅዘፊያውን አሸዋው ላይ ሰካችው።

«አልጋዬ ላይ ስንት ሰው አስቀመጥክ?»

«ጫማቸውን አውልቀው ነው» አለ።

ሀሚዳ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሳቅ ነው። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኗን ጠረገች፤ የሳቅ ዕንባ ብቻ አልነበረም። «እንዲህ ትተኸኝ እንዳትሄድ» አለችው። «መሄድ ካማረህ ሂድ፣ ግን ንገረኝ። ሻይ አፍልቼ መንገድ መንገድ አላይም።»

«እነግርሻለሁ» አለ በከር።

በማግስቱ ሁለት ሰው በሚይዘው ጀልባ ከፊቷ አስቀመጠችው። መቅዘፊያውን እንዳልገባ ማርሽ ይታገለው ጀመር፤ ጀልባው በአንድ ቦታ ዞረ። «ተው» አለች ከኋላ። «አንሳውና ዝም ብለህ ቁጭ በል።» አነሳው። ዓይኑ ማዶ ማዶ ያያል፣ ያ ተራራ ምን ይባላል፣ እዚያ መንገድ ይገባል ወይ እያለ ይጠይቃል። እሷ ለአንዳንዱ ትመልሳለች፣ ሌላውን ታልፈዋለች፣ መቅዘፏን ግን አላቋረጠችም።

ሲመለሱ ገዳ ጀልባውን እየሳበ «ነገ ወደ ሀዋሳ አይደል ጋሼ?» አለው።

«ሀዋሳ የት ትሄዳለች?» አለ በከር። «ነገ ጠዋት ገበያተኞቹን ቡልቡላ አድርሼ እመለሳለሁ፤ ለሀሚዳ ነግሬያታለሁ። ከዚያ ይቺን ጀልባ ለማንም እንዳትሰጥብኝ።»

ይህን ብሎ መቀመጥ ግን አልሆነለትም፤ እንጨት ሊለቅም ወደ ግራሮቹ ሄደ። ሀሚዳም ተመልሳ ውሃ ገባች።