ክብሪት እጇን ቶሎ ያልሰነዘረችበት ቀን

የሰፈሩ ሰው «ክብሪት» ብሎ ስም ያወጣላት በከንቱ አይደለም። የመጀመሪያ ባሏ አንድ ጊዜ በጥፊ ቢላት ዘነዘና አንስታ ክርኑን ሰበረችው፤ ከዚያ ራሷ ታክሲ ጠርታ፣ ራሷ ደግፋ ሐኪም ቤት አደረሰችው። «የመጀመሪያ» መባሉም ሁለተኛ ኖሮ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ የደፈረ ጠፋ እንጂ።

ይህች ሴት የምታድረው በትዕግሥት ነው ቢባል ማን ያምናል? ሥራዋ ዓይን ባንክ ነው። ሰው ሲሞት፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ኮርኒያ የሚሉት የዓይኑ የፊት መስታወት ይወሰዳል። ከጀርባው የተለጠፈችውን ገለፈት እሷ በማይክሮስኮፕ እያየች በወረንጦ ትልጣታለች። ገለፈቷ ከሽንኩርት ውስጠኛ ልጣጭ ትሳሳለች። ሳትቀደድ ከወጣች አንድ ሰው ያያል፤ ከተቀደደች አለቀ።

ያን ጠዋት የመጣላት በጩቤ ተወግቶ የሞተ ጎልማሳ ኮርኒያ ነበር። ሚስቱ ፈቅዳለች። እዚያው ግቢ፣ ቀዶ ጥገና ክፍል፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ትጠብቃለች፤ አንዱ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፣ የቀረው ጉም ለብሷል። ለእሷ የሚሆን ሌላ ኮርኒያ የለም፤ የሟቹም ሁለተኛው ለሌላ ሰው ሄዷል። ክብሪት እንደ ልማዷ፣ ወረንጦ ከማንሳቷ በፊት፣ ኮርኒያውን ምስል ማንሻ መሣሪያው ሥር አስገባችው። መሣሪያው ሳይነካ፣ በብርሃን ብቻ፣ ድርብርቡን ስክሪን ላይ ያወጣዋል። በአንዱ ጫፍ አሮጌ ጠባሳ አለ፤ ገለፈቷ እዚያ ላይ ሙጭጭ ብላለች። ስለዚህ ከተቃራኒው ጫፍ ጀመረች፤ ጠባሳው ዘንድ ስትደርስ እሱን ዞራ ልትቆርጥ።

ግማሽ ላይ ስትደርስ ከውጭ ጩኸት ተሰማ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው፤ ነገሩን ገና መስማቱ ነበር። የግቢውን ሽማግሌ ዘበኛ አፍንጫ በቡጢ ሰብሮ፣ በሩን በእርግጫ ገንጥሎ፣ ፌሮ ይዞ ገባ።

«የወንድሜን ዓይን አምጪ! ጎዶሎ አድርጌ አልቀብረውም!»

ስክሪኑን በፌሮው አደቀቀው። ስብርባሪው ጉንጯን ቀደደው፤ ደሟ ወደ አንገቷ ወረደ። ቀጥሎ ትከሻዋ ላይ አሳረፈባት። የእጆቿ አንጓዎች ግን ከጠረጴዛው አልተነሱም።

በርጩማውን አንስታ ግንባሩን ብትለው እንዴት ደስ ባላት! ግን የገለፈቷን ጫፍ ብትለቅ ትጠቀለላለች፣ ብትስባት ትቀደዳለች።

«ምታ!» አለችው ሳትዞር። «እጄን ግን እንዳትነካ። ደግሞ ዓይኑ ዛሬ ነው እንዴ የጎደለው? ድሮ የመታው ማን ነው? ጠባሳውን አይቼዋለሁ!»

ፌሮው አየር ላይ ቀረ።

«ማን ነገረሽ?» ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ። «እሱ ወድቄ ነው ብሎ ነበር። ለእናታችን እንኳ አልተናገረም።»

«ማንም አልነገረኝም።»

«በቀበቶ ዘለበት ነው። ልጆች ሆነን። እኔ ነኝ።»

ፌሮውን ጥሎ ግንባሩን ከግድግዳው አላተመው። ደገመ። ሠለሰ። ነጩ ቀለም ላይ ደም ተረጨ። «ተው! ተው እንጂ አንተ ሰው!» ብላ ጮኸች። አሳዘናት፤ ሮጣ ልትይዘው ግን አልቻለችም። እያንዳንዱ ምት ጠረጴዛውን አልፎ ወረንጦዋ ጫፍ ይደርሳል። ሲመታ ትቆማለች፤ ለሚቀጥለው ትንፋሹን እስኪሰበስብ ትስባለች። እንዲህ እያለች ጠባሳው ዘንድ ደረሰች፤ ዞራ ቆረጠች። ገለፈቷ ተላቅቃ ፈሳሹ ውስጥ ተንሳፈፈች።

ብልቃጥ ውስጥ ከተተቻት፣ ክዳኑን አጠበቀች፣ ጓንቷን አወለቀች። ከዚያ ሄዳ ባለ በሌለ ኃይሏ በጥፊ አላጋችው፤ ወዲያው ደግሞ እንዳይደግም ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

ፖሊሶች ሲደርሱ ሁለቱም በደም ተለውሰው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ገለፈቷ ከተቀደደች ለልብስ ሰፊዋ ሌላ እንደሌለ እየነገረችው ነበር። ዘበኛው አፍንጫውን በፎጣ ይዞ ይራገማል፤ እውነቱን ነው። ክብሪትም አልሸፋፈነችለትም፤ የሽማግሌውን አፍንጫ፣ የራሷን ትከሻ፣ የደቀቀውን ስክሪን፣ ሁሉንም ተናገረች። ወንድምየው ሲያስነሱት ዓይኑን ከብልቃጡ ላይ ሳይነቅል ጠየቃት።

«ሳትቀደድ ወጣች?»

«ሳትቀደድ።»

«ምንም አልጎደላትም?»

«ለምታይባት ሴት፣ ምንም።»

ይሄኔ ሁለት እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ።