«አርፋለች» የሚል ደብዳቤ ይዤ ወደ ጊምቢ

ደብዳቤው የደረሰኝ ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ትንሽ ነው፤ እየገጣጠምኩ አነበብኩት። «ወይዘሮ አስካለ፣ ልጅዎ ደስታ አርፋለች። አይስጉ።» ሌላ የለውም። አርፋለች ሲሉ ተረጋግታለች ነው ወይስ ሞታለች? እዚያው በቆሎ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

ደስታ ሃያ ዓመቷ ነው፤ አእምሮዋ ግን የሕፃን ነው። ቃል የላትም። ቀኑን ሙሉ በር እየደበደበች «እዬ፣ እዬ» ትላለች። ጎረቤት ተማረረ። ጊምቢ አንዲት ሴትዮ እንዲህ ያሉትን ቤቷ ታስጠጋለች ሲሉኝ፣ ከፋሲካ በኋላ ወስጄ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲህ ነፋስ በሩን ባንኳኳ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

ሰኞ፣ ከነቀምቴ

ወንድሜ «ጥቁርሽን ልበሺ» አለኝ። «ሳላይ አልለብስም» አልኩት። ግን ጥቁሩን ቀሚስ አጥፌ ከረጢቴ ሥር ከተትኩ። ከላዩ ጩኮ አደረግኩ፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፣ ለደስታ ነፍሷ ነው። ከሰፈራችን ከጨለለቂ በእግሬ ወርጄ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

አጠገቤ ኦቦ ዲንቃ የሚባል ማር ነጋዴ ተቀመጠ። ከረጢቴን አቅፌ መያዜን አይቶ፦

«አዮ፣ እናቴ፣ ለኀዘን ነው ለደስታ?»

«ለደስታ» አልኩት። ስሟን ተናገርኩ እንጂ መልሱንስ አላውቀውም።

ደብዳቤውን አሳየሁት። «በእኛም ቋንቋ ያው ነው፤ ቦቆቴ ካልን ተኝታም ይሆናል፣ ተቀብራም» አለና ደነገጠ። ቶሎ ብሎ «ለሞተ ሰው ደግሞ ‹አይስጉ› ተብሎ ይጻፋል? ጸሐፊው እንደ እኔ ማር ሻጭ ካልሆነ!» አለ። ሳልወድ አሳቀኝ።

ዲዴሳ

ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሙቀቱ ፊት ይጋረፋል። ሹፌሩ ለሞተሩ ውኃ ሊጨምር ቆመ፤ በአሥር ሳንቲም ሁለት ማንጎ ገዛሁ፣ አልወርድልኝ አለ።

ስወስዳት እዚህ ጋ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ለነፋሱ «እዬ» ስትል አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። አፍሬ በነጠላዬ አፏን ያዝኩ። አሁን ያንን ድምፅ እንደ ውኃ ተጠማሁት። ለሰው የነገርኩት ለእሷ ብዬ እንደሰጠኋት ነው። እውነቱን እዚህ ልጻፈው፦ እኔ ልረፍ ብዬ ነው።

ጊምቢ

ኦቦ ዲንቃ «ብቻሽን አትግቢ» ብሎ ተከተለኝ። ሴትዮዋ እየሳቀች ወጣች። «ደህና ናት፤ አርፋለች ብለን አልጻፍንም?» መቃኑን ሳምኩ። ልጄ በሕይወት አለች!

ጓዳ ስገባ ደስታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች። እግሯ በጠፍር ከምሰሶ ታስሯል፤ ቁርጭምጭሚቷ ተልጦ ቀይ ሥጋ ሆኗል። ብጠራት አልዞር አለች። ድምፅ የላትም።

«ለራሷ ብለን ነው» አለች ሴትዮዋ። «ብንፈታት ትሮጣለች።»

«ትሩጥ! ከኋላዋ እኔ እሮጣለሁ።»

የቤቱ ዘበኛ ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ኦቦ ዲንቃ ግን ቢላውን እያወጣ «ደብዳቤውን የጻፍከው አንተ ነህ? አማርኛህ ይህችን ሴት ሊገድላት ነበር!» አለው። ዘበኛው አንገቱን ደፋ። ጠፍሩ ተቆረጠ። ከጨለማው ጥግ የአንዲት አሮጊት ድምፅ «አኒስ» አለ፤ «እኔንም» ማለቷ ነው። እሷም ታስራ ነበር። እሷንም ፈታናት።

ጥቁሩን ቀሚስ ቀድጄ የልጄን ቁስል ጠቀለልኩበት። ሁለቱን ይዘን ክሊኒክ ሄድን። ድሬሰሩ ቁስላቸውን አጥቦ አሮጊቷን እዚያው አስተኛት፤ ሌሎች ታሳሪዎች ካሉ ሊያይ ፖሊስ ይዞ ወደዚያ ቤት ሄደ።

ማክሰኞ፣ ወደ ቤት

ደስታ ጩኮዋን በእጇ ጨብጣ ዝም እንዳለች ነው። ዲዴሳ ስንደርስ መስኮቱን ራሴ ከፈትኩላት። ነፋሱ ፊቷን መታት። ድልድዩን ካለፍን በኋላ፣ ቀስ ብላ፣ «እዬ» አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ነጠላዬን ከጭኔ አላነሳሁም።

እንደ ደስታ ያለ ልጅ ሰው እጅ ላይ ያላችሁ እናቶች፣ «ፀጥ ብላለች» ቢሏችሁ በወሬ አትመኑ። ሄዳችሁ እጅ እግሯን እዩ። እኔ አይቼ ነው የተማርኩት።

ይህን ስጽፍ በሩን እየደበደበች ነው። ቤታችን ገብተናል፤ ደህና ነን። ልጄ አላረፈችም።