ሰባት የክርስትና ስም

የዚያ ወር የጽዋ ማኅበር ተራ የእኔ ነበር። ዳቦው ሳይቆረስ ታጣቂዎች በሩን ሞልተው ቆሙ። ስብሰባ ተከልክሏል፣ ይህም ስብሰባ ነው አሉን። ጸሎት መሆኑን ብናስረዳም አልሰሙንም። ሴቶቹን ወደየቤታቸው ሰደዱ። ሰባቱን ወንዶችና፣ ቤቱ የእኔ ስለሆነ እኔን፣ በአንድ መኪና ጭነው ወሰዱን።

ያሰሩኝ እዚያው ሸዋ ሮቢት፣ የማሾ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፤ ረፋድ ላይ እጅ አያስነካም። ጆንያ አንጥፋ የተቀመጠች አንዲት ሴት አገኘሁ። ጀውሃ ምግብ ቤት ያላት ሙስሊም ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። የታሰረችው ቤቷ የበሉ ሰዎች ተፈላጊዎች ነበሩ ተብሎ ነው።

"መታወቂያ እያየሁ ነው እንዴ ወጥ የምጨልፈው?" አለችኝ። ያን ቀን የሳቅሁት በዚህ ብቻ ነው።

ወንዶቹን ከግቢው ማዶ ሌላ መጋዘን ውስጥ አስገቧቸው። ሁለት ቀን ሲያስሉና ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ እሰማቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ከወንዙ በኩል ተኩስ ተሰማ። አንድ የጭነት መኪና ከግቢው ወጣ። ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል ድምፅ ጠፋ። ጠባቂውን ብጠይቀው "የሉም" ብሎኝ ሄደ።

እኛ ማኅበርተኞች ስንጸልይ እርስ በርሳችን በክርስትና ስም እንጠራራለን። በሕይወት ላለው "አስበው፣ ጠብቀው" እንላለን፤ ላረፈው "ነፍሱን አሳርፍ"። አሁን ስማቸው ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። ሕያው ሰው ከሙታን ጋር መጥራት ፈራሁ። የሞተ ካለም ነፍሱን ሳልለምንለት መቅረት ፈራሁ። የተያዙት በእኔ ቤት ነው።

"እትዬ፣ ጸሎት ይጀምሩና ሁልጊዜ መሀል ላይ ይቆማሉ። ይረሱታል?" አለችኝ ሴትዮዋ። ነገርኳት።

እሷ ከሶላት በፊት ለውዱእ ልትታጠብ ወደ ቧንቧው እንድትወጣ ይፈቀድላታል። ቧንቧው ከወንዶቹ ግድግዳ ሥር ነው። ለእኔ ውሃ የሚመጣልኝ በጀሪካን ስለሆነ ከበሩ አላልፍም። ከሌላ ታሳሪ ጋር መነጋገር ክልክል ነው፤ ጠባቂዎቹ ሁሉንም በስማቸው ያውቋቸዋል። የክርስትና ስማቸውን ግን ከእኛ ሌላ የሚያውቅ የለም። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ካለ እሱን ጠይቂልኝ ብዬ ለመንኳት።

ለዙህር ሶላት ወጥታ ባዶዋን ተመለሰች፤ ጠባቂው አጠገቧ ቆሞ ነበር። ለአስር ሶላት ስትወጣ ቆየች። በሩ ሥር ቁጭ ብዬ የውሃውን ድምፅ አዳመጥኩ። ስትገባ ፊቷ አልደረቀም። አውራ ጣቷን በጣቶቿ አንጓ ላይ እያሳለፈች፣ ተስቢሕ እንደምታደርግ ትቆጥራለች። እንዳላስረሳት ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ።

"ኃይለ ማርያም። ገብረ ሚካኤል። ወልደ ጊዮርጊስ። ፍቅረ ሥላሴ። ወልደ ሰንበት። ገብረ መድኅን።"

ቆመች። ስድስት ናቸው።

"ወልደ ትንሣኤ ደግሞ ወባ ይዞት ተኝቷል። ስሙን የነገረኝ ሌላው ነው። ግን ሲያቃስት ወላሂ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

ዝም ያሉት ድምፅ ካሰማችሁ ትወሰዳላችሁ ተብለው ኖሯል። መኪናው ሌላ ሰው ጭኖ ነው የወጣው። እነሱም በተራቸው ወለተ ጻድቅ አለች ወይ ብለው ጠይቀዋት፣ እንዲህ የምትባል ሴት የለችም ብላቸው ነበር። አንድ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ እትዬ ብቻ ናቸው ያሉት ስትላቸው፣ ከግድግዳው ወዲያ ሳቃቸውን አፈኑ። እሷው ናት አሏት።

እንደ ልጅ አጨበጨብኩ። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። ተነሥቼ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ መለስኩ። እግዚአብሔርን ስለ እያንዳንዳቸው አመሰገንኩት፤ ስለ ኃይለ ማርያም ትዕግሥት፣ ስለ ገብረ መድኅን ቀልድ፣ ስለ ሁሉም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሰባቱንም "አስባቸው፣ ጠብቃቸው" አልኩ።

ጠባቂው በሩን ከፈተ። "ማንን ነው የምትጠሪው?" አለኝ። ከኪሱ የታሳሪዎች ስም የተጻፈበትን ወረቀት አወጣ፣ እንደገና እንድጠራቸው አዘዘኝ። ጠራኋቸው። ጣቱን ከላይ እስከ ታች አወረደ፤ አንዱንም አላገኘም። ሴትዮዋ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

"እዚህ የሉም እኮ እነዚህ" አለ። "ተቀመጪ።"

"ጸሎት ላይ ነኝ፤ ስጨርስ እቀመጣለሁ" አልኩት።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ጸሎቴን አልቆረጥኩም፤ እስክፈጽም ቆሜ ነበር።

ከአምስት ወር በኋላ ተፈታሁ። ከሰባቱ አምስቱ፣ ወባ የያዘውም ጭምር፣ ወደ ቤታቸው ገብተዋል። ሁለቱን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሯቸው፤ የት እንደሆነ አናውቅም። እነሱንም በየማለዳው ከሕያዋን ጋር እጠራቸዋለሁ። እያዘንኩ አልጠራቸውም፤ የዚያን ቀን ደስታ እንደ አዲስ ይመጣብኛል።

ሴትዮዋም ተፈትታለች፤ ወደ ጀውሃ ስሄድ ምግብ ቤቷ እገባለሁ። ሴትዮዋ የሰባቱን ሰዎች ፊት አይታ አታውቅም። ቢሆንም እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትመጣና፣ አንድ በአንድ በክርስትና ስማቸው እየጠራች ደኅንነታቸውን ትጠይቀኛለች። አምስቱን ደኅና ናቸው እላታለሁ። ሁለቱ ላይ ስትደርስ "ገና ነው" እላታለሁ።

"ኢንሻአላህ ይመጣሉ" ትለኛለች።

"አሜን" እላለሁ።