ለአንድ ሰፋሪ አንድ ጂን

ልጄ ስትወለድ ፀጉሯም ቆዳዋም ነጭ ነበር። አዋላጇ ደኅና ልጅ ናት አለችኝ። እኔ ግን ያኔውኑ ተሳልኩ፤ መልኳን እንደ እኔና እንደ አባቷ ቢያደርግልኝ ስለቴን ይዤ ቁልቢ ገብርኤል እንደምሄድ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ድምፄን አውጥቼ ይህንኑ ጸለይኩ። እኔ በምጸልይበትና እሷ በምትተኛበት መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው።

የጅግጅጋ ፀሐይ ለእሷ አይሆናትም። ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤት የተዘጋ ጊዜ፣ ሸደር ባለው የስደተኞች መጠለያ የሚሠራው ወንድሜ አሮጌ ላፕቶፑን ተወላት። አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ እዚያው ውስጥ ነበር። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የምንውለው እኔና እሷ ነን። እኔ ከፊት ባለችው ሱቅ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ እሷ ከኋላ ክፍል አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ትጫወታለች። ዓይኗ ከዚያ ወዲያ አይደርስም።

ገበያ ሲቀዘቅዝ ገብቼ አጠገቧ መቀመጥ ጀመርኩ። ነገሩን አስረዳችኝ። ከምድር የሄዱ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ቀይ አፈር ያለበት ሌላ ዓለም ላይ ሰፍረዋል። የሚያርሱትም ቤት የሚሠሩትም እሷ እንዳዘዘች ነው። ቤተ ሙከራ አላቸው፤ ሰው ከወላጁ የሚወርሰውን፣ ጂን የሚሉትን፣ እዚያ ይለውጡታል። አዲስ ጂን የተተከለለት ሰው ጥቂት ቀን ይተኛል፤ ሲነሣ ወይ ጉልበታም ወይ ብርድ የማይሰማው ሆኖ ነው። በፈጣሪ ሥራ መግባት አይሆንም ወይ ብላት ጌም እኮ ነው አለችኝ። ከዚያ በኋላ የምጠይቃት በልተው እንደሆነ ብቻ ነበር።

አልበሉም። ጥሩ ጂን በጨመረችላቸው ቁጥር የሚበሉትም ይጨምራል። ልጄ ሁሉንም ጉልበታም፣ ሁሉንም ፈጣን ስላደረገች ጎተራው ባዶ ሆነ። የጎረቤት ሱቅ ባለቤት የሆነች፣ ሀርሺን ከአርብቶ አደር ቤት የተወለደች ሶማሌ ወዳጄ መቀስ ልትዋስ ገብታ ከኋላችን ቆማ አየች። የሆነውን ነገርናት።

"አባዮ" አለቻት፤ እህቴ ማለቷ ነው። "እነዚህ እኮ የሠርግ እንግዶች ናቸው። እኛ ጋ ግመል ስንመርጥ ትንሽ በልታ ሩቅ የምትሄደዋን ነው። ዝናብ ቢቀር እነዚህን ማን ይችላቸዋል?"

ልጄ ሳቀች፤ ግን ሰምታታለች። በማግስቱ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ደንብም አወጣች። ለአንድ ሰፋሪ አንድ ጂን፣ የባሰ የሚያስፈልገውን ብቻ። አሁን ለአንዱ መምረጥ ግማሽ ቀን ይፈጅባት ጀመር፤ እኔንም ታማክረኛለች። መንታ ለወለደችው ሴት ትንሽ እንቅልፍ የሚበቃት አድርጊያት አልኳት። አደረገች። ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሰፋሪዎቹ መካከል አንዲት ነጭ ፀጉር፣ ነጭ ቆዳ ያላት ልጅ አየሁ። ጂን ተተክሎላት ከአልጋ የተነሣችው ያኔ ነው። ነጭነቷ ግን እንዳለ ነበር።

"እሷን አልቀየርሻትም?" አልኳት።

"ቀይሬያታለሁ። ዓይኗን።"

"ቆዳዋስ?"

"አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ለቆዳዋ ኮፍያ አላት።" ፊቷን ከስክሪኑ አላነሣችም። "እማዬ፣ ስትጸልዪ እሰማለሁ። 'መልኳን፣ መልኳን' ነው የምትዪው። እኔን የቸገረኝ የክፍላችንን ሰሌዳ ማየት ነው።"

ደንበኛ የመጣ አስመስዬ ወጣሁ። ለዓይኗ ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት አንድ ጊዜ ነው፤ ተራ መነጽር ብዙም አይረዳትም ሲሉኝ ይዣት ተመለስኩ። ስለ መልኳ ልለምን ግን በየዓመቱ ቁልቢ ሄጃለሁ። ልጄም ይህን ሁሉ ዓመት ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታ እናቷ ሌላ ልጅ ስትለምን ሰምታለች።

ስለት ይቀየር እንደሆነ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። ልጅቷ ደኅና ናት ወይ አሉኝ። ደኅና ናት አልኩ።

"እንግዲያው ምስጋና ይዘሽ ሂጂ" አሉኝ።

መንገድ ሲከፈት ሐረር የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። አውራ ጣት የምታክል፣ ወደ አንድ ዓይን አስጠግተው ሩቅ የሚያዩባት መነጽር ሰጧት። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ጠዋቱን ሙሉ ታግሠው አለማመዷት። ከዚያ ቁልቢ ደርሰን አመሰገንኩ። ያን ቀን ምንም አልለመንኩም።

ስንመለስ የመስኮቱን ወንበር ያዘች። ኮፍያዋን ዝቅ አድርጋ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ደቀነች። የጎማ ጥገና፣ የመድኃኒት ቤት፣ የምግብ ቤት ጽሑፍ፣ ያገኘችውን ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ከፊታችን የተቀመጡ አዛውንት ዞር ብለው ዋጋውንም አብራ እንድትነግራቸው ጠየቋት።

ባቢሌ ላይ ለውዝ ልገዛ ወረድኩ። ስፍሩ አንሶብኝ ከሻጯ ጋር ተከራከርኩ። ስመለስ ልጄ መነጽሩን ወደ እኔ እንዳዞረች ነበር።

"ከሩቅ ፊትሽን አይቼው አላውቅም ነበር" አለችኝ።

"እና እንዴት ነው?"

"ቁጡ ነሽ። እኔ ሁልጊዜ የምትስቂ ይመስለኝ ነበር።"

በለውዙ ምክንያት ነው ብላት አላመነችኝም።

"እስቲ ወደዚያ ሂጂና ሳቂ።"

መኪናው ሞልቶ ሞተሩ ተነሥቷል። እንደገና ወረድኩ። እስከ ለውዝ ሻጯ ድረስ ሄጄ ዞር አልኩ። ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። እኔ ግን እስክትጠግብ ድረስ ቆሜ ሳቅኩላት።