አባዬና የግድግዳው ቀዳዳ

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ በርና መስኮት ሲገጥም የኖረ አናጺ ነው። ሰፈርተኛው «አያስገባ» ይለዋል፤ እሱ የገጠመው መስኮት እንኳን ንፋስ ሐሜትም አያስገባማ። ለባዕድ እንዲህ ከሠራ ለእማዬ እንዴት እንደሚሠራ አስቡት። አንድ ክረምት ሳንባ ምች ጥሏት ለትንሽ ከተረፈች ወዲህ ግድግዳውን ሙቀት በሚይዝ ንጣፍ አለበሰው፤ መስኮቱን ዙሪያውን በጎማ አሸገው፤ የበሩን ሥር ሳይቀር ደፈነው።

ቤቱስ ሞቀ። ግን መስታወቱ ጠዋት ጠዋት ያልበው ጀመር፤ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሻጋታ ወጣ፤ እማዬም ራሷን እያመማት መነሳት ለመደች። እኔ ቤት ስታድር ደህና ናት። «ልጄ፣ አባትሽ በፍቅር ሊያፍነኝ ነው» አለችኝ እየሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ሳል ሆነ። ያ ቤት አየር ካላገኘ አልመለስም ብላ እኔው ጋ ሰነበተች።

ባለሙያ ጠርቼ መኝታ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የአየር መለዋወጫ አስገጠምኩ። የታፈነውን አየር ያስወጣል፤ ንጹሁን ደግሞ ከወጪው በተረፈ ሙቀት እያሞቀ ያስገባል። አባዬ ግድግዳው ሲበሳ ማየት አቅቶት ደጅ ቆመ። እማዬ ተመለሰች። ሳምንት ሳይሞላ ራስ ምታቱም ተመለሰና ሻንጣዋን ታዘጋጅ ጀመር።

ነገሩ አልዋጥልሽ አለኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ የመለዋወጫውን ክዳን ብከፍተው የአባዬ የሱፍ ሹራብ ተጠቅጥቆበታል።

«አባዬ! ምን ነካህ?» ጮህኩበት፤ ንዴቴን አልደብቅም።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «ንፋሱ በራስጌዋ ነው የሚገባው» አለ። «ያን ክረምት ሌሊቱን ስታቃስት የሰማሁት እኔ ነኝ። ብርዱ ተመልሶ ቢወስዳትስ?»

እንባው መጣ። የፈሩት ይደርሳል ይሏችኋል ይሄ ነው፤ እንዳያጣት ብሎ የደፈነው ቤት ሊያሳጣው ነበር። አንጀቴን በላው፤ ንዴቴ የት እንደገባም አላውቅ።

እማዬ ሻንጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ሲያያት ተነሳና ሹራቡን በገዛ እጁ መዞ አወጣው። ቀጥሎ ትራሷን አንስቶ ወደ ወዲያኛው ጎን አዛወረ፤ የራሱን ከቀዳዳው ሥር አደረገ።

«ብርድ ካመጣ መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ» አለ።

እማዬ ሻንጣዋን አስቀመጠች። ሹራቡን አራግፋ አለበሰችው፤ ቁልፎቹንም አንድ በአንድ እስከ አንገቱ ቆለፈችለት።

«በል እንግዲህ» አለችው፣ «ከዛሬ ወዲያ የሚታሸገው አንተ ብቻ ነህ።»