ናስትሮ የለጠፍኩባት መብራት

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ... መኪናዬ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ሦስታችንን ራሳችንን ያመናል። አራተኛዋ የአራት ዓመት ልጄ ሲፈን ናት፤ ተኝታለች ብለን ዝም ብለናታል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሱሉልታ ውስጥ እንደ እኔ የሚነዳ ሰው አለ ከተባለ፣ ወይ ገና አልተወለደም ወይ መንጃ ፈቃዱን ተነጥቋል። መኪናዬ ግን አሮጊት ናት፤ የእንጦጦ ዳገት ላይ ስንቱ እያለፈኝ አንገቴን ሲያስደፋኝ ኖሯል። ስለዚህ ሰበታ ጋራዥ ያለው ወዳጄ ዘንድ ወስጄ ሄደር አስገጠምኩላት። ሄደር ማለት ከሞተሩ ጭሱን ተቀብሎ ወደ ማርሚታ የሚያወርደው ቱቦ ነው። የፋብሪካው ወጥቶ ሰፋ ያለው ሲገባ መኪና ትንፋሽ ታገኛለች። እውነትም አገኘች! ድምጿማ... እኔ ስመጣ ሰፈሩ በር እየከፈተ ያይ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት በራች። ወዳጄ ጋ ደወልኩ።

«አትጨነቅ ባክህ» አለኝ። «የኦክስጅን ሴንሰሯ ናት። ጭሱን የምታሸተው እሷ ናት፤ አዲሱን ቱቦ ስላላወቀችው ነው የምትጮኸው። ናስትሮ ለጥፍባትና ንዳ።»

ለጠፍኩባት። ጥቁር ናስትሮ፣ በመቀስ አሳምሬ ቆርጬ።

ባለቤቴ አልማዝ ግን ዓይኗ አያርፍም። «ይሄ ነገር ዝም ብሎ አይበራም» አለች።

«አንብቤዋለሁ!» አልኳት። «ሄደር የገባለት መኪና ሁሉ ይበራል።»

እዚህ ላይ እውነቱን ላውጣው። የማታ ትምህርት ተምሬ ማንበብ ከቻልኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ከዚያ ወዲህ እኔ «አንብቤዋለሁ» ካልኩ እኛ ቤት ክርክር የለም። አልማዝ እንኳን ዝም ትላለች። ስለ ሴንሰር ግን አንዲት መስመር አላነበብኩም...

ቅዳሜ ቡራዩ አራስ ልንጠይቅ ወጣን። የአራሷ አባት፣ ጎረቤታችን ኦቦ ደበላ፣ ከፊት ተቀመጡ፤ አልማዝና ሲፈን ከኋላ። የሱሉልታን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ላይ ያካፋል። ሙቀቱን ለቀቅኩላቸው።

ትንሽ እንደሄድን የሆነ ነገር ሸተተኝና መስኮቴን ዝቅ አደረግኩ።

«ያ ጉርባ! አንተ ልጅ፣ ዝጋው እንጂ!» አሉ ኦቦ ደበላ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው እየሳቡ። «በዚህ ዕድሜዬ ነፋስ ልታስመታኝ ነው?»

አልማዝም ከኋላ ደገመችልኝ። «ልጅቷ ጉንፋን ላይ ናት፣ ዝጋ!»

ዘጋሁት።

እንጦጦ ጫፍ ስንደርስ ኦቦ ደበላ ግንባራቸውን ያዙ። «ቡና ሳልጠጣ አጣድፈህ አስወጣኸኝ። ይኸው ራሴን ሊፈልጠኝ ነው።»

«እኔንም የቡናው ነው መሰለኝ» አለች አልማዝ።

እኔንም አሞኛል፤ እኔም በቡና አመካኘሁ። «አራሷ ቤት እንጠጣለን፣ ታገሱኝ» ብዬ ሙቀቱን ጨመርኩላቸው። ጨመርኩላቸው እኮ!

ቁልቁለቱን ስንጨርስ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ስለ ድምጿ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ መልሴን አሰማምሬ፣ መስኮቱን ከፍቼ ፈገግ አልኩለት። ሰውዬው ጎንበስ አለና ወደ ኋላ ሸሸ።

«ምን ታጥናችሁ ነው የተቀመጣችሁት! ጭስ ነው እኮ! ውረዱ፣ ሁላችሁም ውረዱ! ልጅቷስ?»

«ተኝታ ነው» አለች አልማዝ።

«ቀስቅሷት።»

ጠራቻት። ነቀነቀቻት። «ሲፈን... ሲፈኔ...» የልጅቷ አንገት ወደ ጎን ወደቀ።

እንዴት እንዳወጣኋት አላውቅም። አስፋልቱ ዳር፣ ካፊያው ላይ ታቅፌያት ቆምኩ። ኦቦ ደበላ ነጠላቸውን ገፈው «ያ ዋቃ... አምላኬ... ያ ዋቃ» እያሉ ፊቷ ላይ ያራግቡላታል። ያ ነፋስ የሚፈሩት ሽማግሌ፣ በሸሚዝ ብቻ ቆመው።

ከዚያ አስመለሳት። ከዚያ አለቀሰች። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ኦክስጅን አደረገችላት። ከሰዓት በኋላ ሲፈን ዳቦ ጠየቀች። ሌላ መካኒክ ደግሞ ሞተሩን ከፍቶ አሳየኝ፤ በአዲሱ ቱቦና በሞተሩ መካከል የምትገባዋ ስስ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኗ፣ ተቃጥላ፣ ጭሱ በዚያ ሾልኮ ከሙቀቱ ጋር ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ሴንሰሯ ለካ የምታውቀውን ነው የምትናገረው።

ቤት ስንገባ ምንም እንዳላነበብኩ ለአልማዝ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። «እኔ እኮ አምኜህ ነው መስኮቱን ያስዘጋሁት» አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናዋ ተሠርታለች፣ እንደ ሰዓት ነው የምትሄደው። አልማዝ ግን ልጅቷን ይዛ አትገባባትም፤ ሚኒባስ ነው የሚሳፈሩት። እንግዲህ የሱሉልታ መንገድ ላይ ባዶ መኪና ይዞ አንድ ሚኒባስ ከኋላ ከኋላው የሚከተል ሹፌር ካያችሁ፣ ሌባ እንዳይመስላችሁ... ቤተሰቡን እየሸኘ ነው።